ሬሳውን ሳናይ ተዝካሩን እንዴት እናውጣ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ ወንድሜ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነበር። እናታችን ሥራ ስትውል አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲጀመር ስልኩ ተቋረጠ። ጥቅምት 2015 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም “አሁንስ ይመጣል” ብለን ጠበቅነው። አልመጣም። ግንቦት 10 ቀን 2016 ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ፤ ዘመዶቻችንና የእድሩ ሰዎች መርዶ ይዘው ገቡ። ወሬውን ያመጣው አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው። መስከረም 2015 መግቢያ ላይ እንደተሰዋና እዚያው እንደተቀበረ ነገረን። ቀኑን በትክክል አያስታውሰውም።

ልቅሶ ተቀመጥን። ሰልስቱ ሲያልቅ ግን እናቴ “ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም፤ አላስፈታውምም” አለች። እስከ ዛሬ በድሮው ቁጥሩ ትደውላለች። ባለፈው ወር አንድ ወንድ አነሳው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነው ብላት “ድምፁ ተለውጦ ነው እንጂ እሱ ነው” ትላለች።

አርባውም ሰማንያውም እንዲሁ አለፈ። አሁን አጎቶቼ “ሙት ዓመቱም በባዶ ካለፈ ሰው ምን ይለናል? በሬ ጥለን፣ ድንኳን ተክለን ተዝካሩን እናውጣ” እያሉ ነው። ገንዘቡን እኔ ተበድሬ እንዳመጣ ይጠብቃሉ። ታናሽ እህቴ ጌታን ተቀብላ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው፤ “ለሞተ ሰው መጸለይ ምን ያደርግለታል? ገንዘቡን ለእማዬ ስጧት” ትለኛለች።

ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ነሐሴ 22 እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ ላይ ስለነበርኩ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ነበር። ወጥቼ ሳየው ሦስት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ስደውል አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ሲገባ ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ጥዬ እወጣለሁ። ወንድሜ ንስሐ ሳይገባ፣ ሳይቆርብ፣ ምናልባትም ሰው ገድሎ ነው የሞተው። እግዚአብሔር ይምረው ይሆን? እኔስ ምን ላድርግለት?

እህት፣ ከደብረ ብርሃን

* * *

እህቴ፣

ለማንም ባልነገርሽው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ስልክ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ቅዳሴ መቆም ያቃተሽ እምነትሽ ስለጎደለ አይደለም። ያን ጠዋት የቆምሽበት ቦታ እሱ ስለሆነ ነው።

ስልኩን አንስተሽው ቢሆን ድምፁን ትሰሚ ነበር። ያመለጠሽ ትልቅ ነገር ነውና “ምንም አይደል” ብዬ አላቃልልብሽም፤ ሊለቀስለት ይገባል። ብታነሺው ግን ወንድምሽ ከግንባር አይወጣም ነበር። ጸጸት እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አስሮ ያሸክማል። ለያይተሽ ያዣቸው፦ ድምፁን አለመስማትሽ ሐዘንሽ ነው፤ ሞቱ ግን ያንቺ ጥፋት አይደለም። ደግሞስ አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ እሑድ ጠዋት የት እንደምትሆኚ አያውቅም ነበር? ሳታነሺለት ስትቀሪ “ቤተ ክርስቲያን ናት” ብሎ አስቦ ይሆናል ብትዪ፣ ከምታስቢው ሁሉ ይልቅ ይሄ ለእውነት የቀረበ ነው።

ማርታና ማርያም ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ጌታን ያገኙት ለየብቻቸው ነው፤ የተናገሩት ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ “ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር።” ወቀሳ ያለበት ንግግር ነው። ጌታ ሁለቱንም አልተቆጣቸውም፤ ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነገራት፣ ማርያም ስታለቅስ አይቶ ደግሞ አለቀሰ። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 11 ቤትሽ ተቀምጠሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። በእግዚአብሔር ላይ ቅሬታ ካለሽም በዚያው ቋንቋ ንገሪው። በግእዙ ዳዊት 87ኛው፣ በአብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 88ኛ ሆኖ የተቆጠረው መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ የደስታ ቃል የለበትም። እሱም ጸሎት ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ በእሑድ ቅዳሴ አትጀምሪ። ቅዳሴ ከተገባ በኋላ እስኪያልቅ አይወጣም፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ደረትሽን ሲጨንቅሽ መውጫ ታጫለሽ፣ ከወጣሽም በኋላ ይጸጽትሻል። በአዘቦት ቀን ማለዳ ለኪዳን ሂጂ። አጭር ነው፤ ሰውም አይበዛም። ከምታምኛት ሰው ጋር ሆነሽ ከደጀ ሰላሙ ብዙ ሳትርቂ ቁሚ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ በኋላ ቅዳሴውን ሞክሪው። ስልክሽን ዘግቶ መግባት የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ውጭ ለምትቆይ ሰው አደራ ስጪያት። ነውር የለበትም።

ለንስሐ አባትሽም የስልኩን ነገር ንገሪያቸው። ከኃጢአት ቆጥረሽው ሳይሆን “አባቴ፣ ይሄ አላስቆመኝም” ብለሽ። የሚያጽናና ቃል ካላገኙልሽ እንኳ ቅዳሴ ለምን እንደቀረሽ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ፍትሐቱ። ሬሳ ሳይኖር ፍትሐት ይደረጋል ወይ ብለሽ የምትጠራጠሪ ከሆነ፣ አዎ፣ ይደረጋል። ሆሳዕናን አስቢው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል። ሬሳ የለም፤ ማን እንደሚሞትም አይታወቅም። ባሕር ለበላቸው፣ በረሃ ለቀሩ፣ በጦር ሜዳ ለወደቁም ካህናቱ በስማቸው ይጸልያሉ። ጸሎቱ ነፍስን ከኃጢአት ማሰሪያ ፍታ ብሎ ይለምናል፤ ልመናው ለነፍስ ነውና ሬሳው ባይገኝም ይደርሳል።

ካህኑ ጋር ስትሄጂ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በዓለም ስሙ ብቻ ተጠርቶ ያድግና የክርስትና ስሙ ይረሳል። እናትሽ ካላስታወሰች የክርስትና አባቱን ጠይቂ፤ ካልተገኘም የተጠመቀበት ደብር መዝገብ ይኖረው ይሆናል። የሰበካ ጉባኤ ደብተራችሁንም አትርሺ። ለማስቀደስ መገበሪያ ታቀርቢያለሽ፦ ንጹሕ ስንዴ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ዘቢብ፣ ግማሽ ኪሎ ዕጣን፣ አንድ እሽግ ጧፍ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ደብሩን ጠይቂ፤ አንዳንዱ ስንዴውን ራሱ አዘጋጅቶ ገንዘብ ብቻ ይቀበላል። ገንዘብ ስትሰጪ ደረሰኝ ተቀበዪ።

ከየትኛው ቀን ይቆጠር ለሚለው፣ የሞተበት ቀን በትክክል ስላልታወቀ ከመርዶው ቀን መቁጠር የተለመደ ነው። ሙት ዓመቱ ግንቦት 10 ቀን 2017 እሑድ ነው። ይሁንና በዚያ ዓመት ግንቦት ሙሉውን በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ስለሆነ ቀኑንና የጸሎቱን ሥርዓት ከካህኑ ጋር ቁረጡ። አርባውና ሰማንያው ስላለፈ አትጨነቂ፤ “ጊዜው አልፏል” ተብሎ የሚመለስ ጸሎት የለም።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ተደብቀሽ አታስፈቺ። አንድ ቀን ከሰው አፍ ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣችው ያህል ይሆንባታል፣ አንቺንም ከዚያ በኋላ አታምንሽም። ደፍረሽ “እማዬ፣ እኔ ላስፈታለት ነው። ተስፋሽን ልወስድብሽ አይደለም። አንቺ እንደምትችዪው ሁኚ” በያት። ልታለቅስ፣ ልትቆጣ ትችላለች። አትከራከሪ። የተቀበረበትን ያላየች እናት “ልጄ ይመጣል” ብትል የአእምሮዋ መቃወስ አይደለም፤ ዓይኗ ያላየውን ልቧ እንዴት ይመን? ለእሷ የሚሆን ሌላ በር ክፈቺላት። ፍትሐት የሚለውን ቃል መስማት ካልቻለች በየወሩ በሚካኤል አንድ ጧፍ ይዛ ትሂድ፤ በክርስትና ስሙ እንዲጸለይለት ትጠይቅ። የምትለው “ጠብቀው” ይሁን ወይም “ማረው”፣ እግዚአብሔር ልጁ ያለበትን ያውቃል።

ስልኩን በጉልበት አትቀሚያት። ብቻ ቁጥሩን የያዘው ሰው የሚሆነውን አያውቅምና አንቺ ራስሽ በሌላ ስልክ ደውለሽ አስረጂው። ደግ ሰው ከሆነ “እናቴ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም፤ እግዚአብሔር ያጽናዎ” ብሎ በእርጋታ ይነግራታል። ካንቺ አፍ መቶ ጊዜ ከምትሰማው ይልቅ የዚያን ሰው ድምፅ በደንብ መስማቷ ሊረዳት ይችላል። በዚያ ቀን ግን ብቻዋን እንዳትሆን። የወንድምሽ ድምፅ በቴሌግራም ወይም በቪዲዮ ካለሽ ዛሬውኑ ፍላሽ ላይና ሌላ ስልክ ላይ ገልብጪው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። እናትሽ ልትሰማው ዝግጁ የምትሆንበት ቀን ይመጣል።

ሌላው ሊያግዛት የሚችለው ሰው ያ ጓደኛው ነው። መርዶውን ያመጣው ግርግር ውስጥ ነው፤ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ በጩኸት መሃል። ለእናትሽ በጸጥታ ተቀምጦ ነግሯታል? ካልነገራት ቡና አፍልታችሁ ለብቻው ጥሩት። ከሁለትና ከሦስት ሰው በላይ አትሁኑ። አስቀድመሽ አንቺ አግኝውና ምን ምን እንዳየ፣ ምኑን ለእናት መናገር እንደሚችል ተነጋገሩ። እናት መጨረሻ ላይ መጠየቋ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ “ተሠቃይቶ ነበር ወይ?” ሳይዘጋጅ ከተጠየቀ ወይ ይዋሻል፣ ዋሽቶም ሌላ ቀን አፉ ያዳልጠዋል፤ ወይ ደግሞ እዚያው ይሰበራል። የማይችለውን “እማማ፣ ይሄን አልችልም” ብሎ እንዲያልፈው ንገሪው። ስለ ሞቱ ብቻም አትጠይቁት፤ ካምፕ ውስጥ ምን ይበላ ነበር፣ ማንን ያሥቅ ነበር፣ ስለ ቤቱ ምን ያወራ ነበር የሚለውን ጠይቁት። እሱም ወንድም ያጣ ሰው ነውና ሲሄድ ብቻውን አትሸኙት።

ከጦር ክፍሉ የተጻፈ ማረጋገጫ በእጃችሁ ካልገባ የወንድምሽን የመታወቂያ ቁጥር ይዘሽ ጠይቂ። ወረቀቱ እናትሽን ያሳምናት ይሆናል፣ ላያሳምናትም ይችላል። ግን በልጃቸው ይጦሩ የነበሩ ወላጆች የተተኪ ጡረታ የሚጠይቁት በእሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ሊኖርበት ስለሚችል ከሙት ዓመቱ በኋላ ብለሽ አታቆዪው።

አጎቶችሽ። በክፋት የሚናገሩ አይመስለኝም፤ የእህታቸው ልጅ ያለ ወግ መቅረቱ አሳፍሯቸው፣ አሳዝኗቸውም ነው። ብድሩን ግን አትውሰጂ። ተዝካር ለነፍሱ የሚደረግ መታሰቢያ ነው፤ ዋናው ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ነው። ዕዳ ውስጥ ተገብቶ የወጣ ተዝካር በየወሩ ክፍያው ሲመጣ የወንድምሽን ስም በምሬት ያስነሳሻል፤ እሱ ይሄን አይፈልግም። ጌታም ምሳ ስታደርግ ድኾችንና አንካሶችን ጥራ እንጂ መልሰው የሚጠሩህን ዘመዶችህን አትጥራ ብሏል፤ ሉቃስ 14 ላይ ነው። አጎቶችሽን አክብረሽ “እናንተ የምታዝኑለትን ያህል እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ግን እማዬ በዚህ ሁኔታ ድንኳን አትችልም። ነዳያኑን አብራችሁኝ አብሉልኝ” በያቸው። ሥራም ስጫቸው፦ አንዱ ካህናቱን ይጥራ፣ አንዱ ዳቦውን ያምጣ። ሥራ የያዘ ሰው ይቀዘቅዛል።

ለአርባ ነዳያን የሚበቃውን ልንገርሽ። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ብትዪ ሰማንያ እንጀራ ነው፤ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ጤፍ ይወጣለታል። ለወጡ አምስት ኪሎ ምስር ክክ፣ አምስት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሁለት ሊትር ዘይት፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ በርበሬ። ከዚያ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦና ጠላ ወይም ለስላሳ። ለንፍሮ አራት ኪሎ ስንዴና አንድ ኪሎ ሽምብራ ማታውኑ ዘፍዝፊ። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሥጋ ማድረግ ትችያለሽ፤ አቅም ካልፈቀደ ግን ምስሩ ምንም አይጎድለውም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምግቡ ሳይሆን አሰጣጡ ነው፦ ዘመድ ቀድሞ ይቀመጥና ነዳያኑ በር ላይ ትራፊ ይጠብቃሉ። በቅድሚያ እነሱ ይቀመጡ፤ እናንተ ታዘዟቸው፤ ሲነሡም ስሙን ጠርተሽ “ነፍስ ይማር በሉልኝ” በያቸው።

እህትሽ በዚህ ላይ አብራሽ ልትቆም የምትችል ይመስለኛል። ለሞተ ሰው ስለ መጸለይ የሁለታችሁ አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ይለያያል፤ ይህን ልዩነት በወንድማችሁ ሐዘን ላይ አትፈቱትም፤ ልትፈቱትም አትሞክሩ። እሷም ወንድሟን ነው ያጣችው፤ ሐዘኗን የምትገልጽበት ወግ ግን እናንተ ቤት አላገኘችም። “አንቺ ፍትሐቱ ላይ አትቁሚ፤ ግን የተራቡትን አብረሽኝ አብዪ፤ ማታ ቤት ደግሞ የምትወጂውን ክፍል አንብቢልን” ብትያትስ? ገንዘቡን ለእማዬ ያለችውም ከፍቅር ነው። ከተዝካሩ የሚተርፈውን ለእናታችሁ መድኃኒትና አስቤዛ አድርጉት፤ ያን ጊዜ የሷም ሐሳብ ተሰማ ማለት ነው።

“እግዚአብሔር ይምረው ይሆን?” ላልሽው፣ ለነፍሱ ፍርድ የምሰጥ እኔ አይደለሁም፤ ማንም አይደለም። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን “እኛስ ምን እናድርግ?” ሲሉት ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው እንጂ ከመዳን አልከለከላቸውም። ከአሕዛብ ወገን ጴጥሮስ ቤቱ ገብቶ እንዲጠመቅ ያዘዘው ቆርኔሌዎስ የመቶ አለቃ ነበር። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ደግሞ ንስሐው በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ሰው መጨረሻው ላይ ከአምላኩ ጋር ምን እንደተነጋገረ ከአጠገቡ የወደቀ ጓደኛው እንኳ አያውቅም። እናም “ሳይናዘዝ ሞተ” የሚለውን እርግጠኛ ሆነሽ አትደምድሚበት። የሚያስጨንቅሽ እሱ ያደረገው ነገር ከሆነ፣ ያን ጭንቀት ወደ ምጽዋትና ወደ ጸሎት መልሺው። ቤተ ክርስቲያን ለሞቱት የምትጸልየው ኃጢአት የለባቸውም ብላ አይደለም።

መቃብር የለውምና የምትቀመጪበት ቦታ ያስፈልግሻል። ሐውልት ማሠራት ብዙ ያስወጣል፤ ቦታውም በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ነው። ባይሆንስ ስሙ የተጻፈበት ምንጣፍ፣ ጃንጥላ ወይም የቅዳሴ መጽሐፍ ለደብሩ መስጠት ትችያለሽ፤ ከፈቀዱም በቅጥሩ ውስጥ አንድ ጽድ ትከሉ፣ ግን ሁለት በጋ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው አስቀድማችሁ ወስኑ። ልብሶቹን በአንድ ቀን አትጨርሱ። እናትሽ የምትመርጠውን ታስቀር፤ የቀረውን እሺ ስትል ብቻ ለተቸገረ ስጡ።

እናትሽ እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ እምቢ ብላ ሳምንታት ከሄደች፣ ወይም ከናንተ አንዱ “ብሞት ይሻለኛል” ማለት ከጀመረ፣ ጠበሉም ጸሎቱም ሳይቋረጥ ሐኪም ጋር ሂዱ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ጠይቂ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ያስተላልፏችኋል። እስከዚያው የዚህ ሳምንት ሥራሽ ሁለት ብቻ ይሁን፦ ጓደኛውን ማግኘትና የክርስትና ስሙን ማጣራት። ግንቦት ገና ነው። ከእናትሽ ጋር ስትነጋገሩ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አብረን እናያለን።